ቼኮች ባሕር ማዶ ኑሮ የመሠረቱት እንዴት ነው? ከአንድ ደብዳቤ እስከ እድር

ከዳላስ ተነስቶ አይ-35 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ኦስቲን የሚነዳ ሰው፣ ዋኮ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ዌስት የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛል። ቴክሳስ የምንኖር አበሾች ብዙዎቻችን እዚያ ወርደን ነዳጅ ቀድተናል፣ ቡና ይዘን ወጥተናል። ዳቦ ቤቱ መስታወት ውስጥ የተደረደረውን ክብ ለስላሳ ዳቦም አይተነዋል፤ መሐሉ በጣት ተጠቅጥቆ የፕሪም ወይም የአፕሪኮት ማርማላታ፣ አለዚያም ጣፈጥ ያለ አይብ የተሞላበት። "ኮላቺስ" ይሉታል። ቃሉ የቼክ ነው። በቼክኛ አንዱ "ኮላች"፣ ሲበዛ ደግሞ "ኮላቼ" ነው። አሜሪካኖቹ በብዙ ቁጥሩ ላይ የእንግሊዝኛውን ማብዣ ደርበውበት ነው "ኮላቺስ" የሆነው፤ እኛ "ካህናት" ላይ ጨምረን "ካህናቶች" እንደምንለው።

ይህ ዳቦ ከመካከለኛው አውሮፓ ተነስቶ የቴክሳስ አውራ ጎዳና ዳር እንዴት ደረሰ? ስለ ቼክ ስደተኞች ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የኮሚኒስት ዘመን ነው፤ የሶቪየት ታንክ፣ የሽቦ አጥር፣ በሌሊት ድንበር የሚሻገር ሰው። ያም እውነት ነው፣ እንመጣበታለን። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ የቼክ መንደር፣ የቼክ ቤተ ክርስቲያንና የቼክ መቃብር የተከሉት ሰዎች ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቀድመው የሄዱ ገበሬዎች፣ ሸማኔዎችና ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ታሪካቸውም በሰፊው የሚታወቅ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

"ቼክ" ስንል ማንን ማለታችን ነው?

የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ሦስት የቆዩ ግዛቶችን የያዘች ናት። በስተምዕራብ ቦሄሚያ፣ በስተምሥራቅ ሞራቪያ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ የሲሌዢያ ቁራሽ። እስከ 1918 ድረስ እነዚህ ግዛቶች በቪየና የሚቀመጠው የሀብስበርግ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት አካል ነበሩ። "ቼክ" የሚባል ሕዝብና ቋንቋ ነበረ፤ "ቼክ" የሚባል ፓስፖርት ግን አልነበረም።

ስለዚህ ስደተኛው ኒውዮርክ ወይም ጋልቨስተን ወደብ ሲወርድ መዝገብ ያዡ አንዱን "ኦስትሪያዊ"፣ ሌላውን "ቦሄሚያን"፣ አንዳንዱንም "ጀርመን" ብሎ ይጽፈው ነበር። በጅቡቲ ወደብ የተጫነ ቡና ሁሉ የጅቡቲ ቡና ነው እንደማለት ነው። የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ጁሴሊኖ ኩቢቼክ፣ ብራዚሊያን ከምንም አንስቶ ዋና ከተማ ያደረገው ሰው፣ የእናቱ አያት ከቦሄሚያ የመጣ ያን ኩቢቼክ የሚባል አናጢ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ይጠሩት የነበረው ግን "ዡዋዉ አሌማዉ" እያሉ ነው፤ "ዮሐንስ ጀርመኑ" ማለት ነው።

ግራ መጋባቱ በሌላም በኩል አለ። ቦሄሚያ ውስጥ ቼክኛ የሚናገሩ ብቻ ሳይሆኑ በርካታ ጀርመንኛ ተናጋሪዎችና አይሁዶችም ይኖሩ ነበር። በ1863 ኒውዚላንድ ደርሰው ፑሆይ የምትባለውን መንደር የመሠረቱት "ቦሄሚያኖች" ከፕልዘን ከተማ አካባቢ ቢመጡም ቤታቸው የሚነገረው የጀርመንኛ ቀበልኛ ነበር። አሜሪካ በሕዝብ ቆጠራዋ የአፍ መፍቻ ቋንቋን መጠየቅ የጀመረችው በ1910 ነው፤ ያኔ የቼክ ቋንቋ ያላቸው ስደተኞችና እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸው በአንድነት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሆነው ተገኙ።

አገራቸውን ለምን ለቀቁ?

ቀደምቶቹ የወጡት በሃይማኖት ምክንያት ነው። በ1620 ከፕራግ ወጣ ብሎ በሚገኘው በነጭ ተራራ በተደረገው ጦርነት የፕሮቴስታንት መኳንንት ሲሸነፉ፣ ካቶሊክ አንሆንም ያሉት እየተሰደዱ ተበተኑ። ከፕራግ ተወላጆች አንዱ አውጉስቲን ሄርማን ሜሪላንድ ደርሶ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን ካርታ ሠራ፤ ለሥራውም ሰፊ መሬት ተሰጠውና "ቦሄሚያ ማነር" አለው። እነዚህ ግን ጥቂቶች ነበሩ።

ትልቁ ፍልሰት የተጀመረው ከ1848 በኋላ ነው። እስከዚያ ዓመት የቦሄሚያና የሞራቪያ ገበሬ "ሮቦታ" የሚባል ግዴታ ነበረበት። ይህን ለማስረዳት አማርኛ ጥሩ ቃል አለው፦ ሁዳድ። ገበሬው በሳምንት የተወሰኑ ቀናት የባላባቱን መሬት በነጻ ማረስ፣ ማጨድ፣ በበሬውም በጋሪውም ማገልገል ነበረበት። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠራት "ሮቦት" የምትባለው ቃል ከዚሁ ከቼኮች "ሮቦታ" የወጣች ናት።

በ1848ቱ አብዮት ሮቦታ ተሻረ። ታዲያ ነጻ ከወጡ በኋላ ለምን ይሰደዳሉ? ነጻነቱ መሬት ለሌለው ሰው መሬት ስላላመጣለት ነው። መንደሩ ውስጥ ሙሉ እርሻ ያላቸው ገበሬዎች ጥቂት ነበሩ። ከእነርሱ ቀጥሎ አንድ ትንሽ ጎጆና ጓሮ ያህል መሬት ያላቸው፣ ከነዚያም ዝቅ ብሎ በሰው ቤት የሚያድሩ ቀን ሠራተኞች ነበሩ። ጎጆ ያለው ሰው ኑሮውን የሚደጉመው ክረምቱን ቤቱ ቁጭ ብሎ በሚሸምነው በፍታ ነበር፤ የፋብሪካ ጨርቅ መጣና ዋጋውን ሰበረው። በ1840ዎቹ ድንችን ያጠፋው በሽታ ቦሄሚያንም አልማረም። ልጅ ሲበዛ መሬቱ ይቆራረሳል፤ ወንዱ ልጅ ሲያድግ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ለዓመታት ይወስደዋል። በ1866 ኦስትሪያና ፕሩሺያ ሲዋጉ ጦርነቱ የተካሄደው በቦሄሚያ ምድር፣ በገበሬው ማሳ ላይ ነበር። በማግስቱ ዓመት በ1867 የወጣው ሕገ መንግሥት የውትድርና ግዴታ ያላለቀበትን ካልሆነ በቀር ማንም አገር ለቆ መሄድ እንደሚችል ደነገገ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሄደው የድሃ ድሃ አልነበረም፤ እርሱ የመርከብ ዋጋ ከየት ያመጣል? የሄደው ጎጆውንና ቁራሽ መሬቱን ሸጦ መሳፈሪያ ሊከፍል የቻለው ሰው ነው። ቤቱን ከሸጠ ደግሞ መመለሻ የለውም፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይነሳል። በዚያ ዘመን ከሌላው የአውሮፓ ክፍል ብዙ ወንዶች ብቻቸውን መጥተው ሠርተው ይመለሱ ነበር፤ ቼኮች ግን በቤተሰብ መጥተው በአመዛኙ ቀሩ። ማንበብና መጻፍም ያውቁ ነበር፤ በኦስትሪያ ግዛት ልጆችን ማስተማር ግዴታ የሆነው ገና በ1774 ነውና። ማንበብ መቻላቸው ምን ያህል እንደጠቀማቸው ከዚህ በታች ይታያል።

መንገዱን ማን አሳያቸው?

ደብዳቤ ነው ያሳያቸው።

በ1850 ዮሴፍ ኧርነስት በርግማን የሚባል የፕሮቴስታንት ቄስ ቴክሳስ ገብቶ ካት ስፕሪንግ በምትባል መንደር ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ ስለ አገሩና ስለ መሬቱ ወደ ትውልድ አገሩ ጻፈ። ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በምሥራቅ ቦሄሚያ የሚኖር ዮሴፍ ሌሺካር የሚባል ሰው ዘንድ ደረሰ። ሌሺካር ጎረቤቶቹን አሰባሰበ። በኅዳር ወር 1851 መጀመሪያ ላይ 16 ቤተሰቦች፣ በድምሩ 74 ሰዎች፣ ከቼርምናና ከአካባቢዋ መንደሮች ተነሱ። ሌሺካር ራሱ በዚያ ጉዞ አልሄደም፤ የመራቸው ዮሴፍ ሺላር ነበር።

ሃምቡርግ ወረዱ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝ ሊቨርፑል ተወሰዱ፣ እዚያ ተጨናንቆ በተጫነ የመርከብ ሆድ ውስጥ ገብተው አትላንቲክን አቋረጡ። ምግቡ መጥፎ፣ ውኃው መጥፎ፣ አየሩ የታፈነ ነበር። ኒው ኦርሊንስ ደርሰው ሌላ መርከብ፣ ጋልቨስተን ደርሰው ሌላ ጀልባ፣ ከዚያም በበሬ የሚጎተት ጋሪ። ከ74ቱ ካት ስፕሪንግ በሕይወት የደረሱት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ሌላው በመንገድ አለቀ፤ ልጆችም እናቶችም።

ይህ ወሬ አገር ቤት ሲደርስ ፍልሰቱ ይቆማል ብሎ ማሰብ ይቻላል። አልቆመም። በ1853 ሁለተኛ ቡድን ተነሳ፤ ያኔ ሌሺካር ራሱ ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። ይህኛው ጉዞ ከፊተኛው ተሞክሮ ስለተማሩበት ተሻለ። እኔ የማምነው ሰዎቹ አደጋውን ስላላወቁ አልነበረም የሄዱት። የደረሱት ሰዎች የጻፉት ነገር እጃቸው ላይ ነበር፤ መሬት ያለው የጎረቤታቸው ልጅ ስሙን ፈርሞ "እዚህ ነኝ" ብሎ ጽፎላቸዋል። ከመርከብ ድርጅት ወኪል ቃል ይልቅ የሚያውቁት ሰው ቃል ያሳምናል። አንዱ ሲሄድ ወንድሙን ይጠራል፣ ወንድሙ አማቹን፣ አማቹ ጎረቤቱን። በዚህ ምክንያት ነው አንድ የሞራቪያ መንደር ሰው እንዳለ አንድ የቴክሳስ ወረዳ ላይ ሰፍሮ የተገኘው።

መሬት ያገኙት እንዴት ነው? በነጻ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እንደ ቦታው ይለያያል። በ1862 የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው የሆምስቴድ ሕግ፣ ዜጋ የሆነ ወይም ዜጋ ለመሆን ያመለከተ የቤተሰብ ኃላፊ 160 ኤከር መሬት መጠየቅ ይችል ነበር። ይህ ወደ 65 ሄክታር ነው፤ በአያቶቻችን ልኬት አንድ ጋሻ ተኩል ከምናምን። ክፍያው ለመዝገብ የሚሆን 18 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። በምትኩ እዚያው አምስት ዓመት መኖር፣ ቤት መሥራት፣ መሬቱን ማልማት ግዴታ ነው። አገሩ ላይ በጓሮ መሬት ለተጣበቀ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚሰማ መገመት አያዳግትም። ይህ መሬት ግን ባዶ አልነበረም፤ የነባር ሕዝቦች አገር ነበር፣ መንግሥት እነርሱን በውልም በጉልበትም ካስለቀቀ በኋላ ነው ለሰፋሪ ያደለው።

በዚህ ሕግ በብዛት የተጠቀሙት ነብራስካ የሄዱት ናቸው። እንጨት በሌለበት ሜዳ ላይ ሳሩን ከነሥሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ በዚያ ቤት ሠሩ፤ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ጭቃ ያንጠባጥባል። የቴክሳሶቹ ግን በዚህ ሕግ አልተጠቀሙም፤ የቴክሳስ መሬት የፌዴራል መንግሥት ስላልነበረ ሕጉ እዚያ አይሠራም። እነርሱ መጀመሪያ ለሌላ ሰው ጥጥ እያረሱ ገንዘብ ቆጥበው ነው መሬት የገዙት።

ከተማ የቀሩትም ብዙ ናቸው። ቺካጎ ውስጥ ቼኮች የሰፈሩበት ቦታ በአገራቸው ከተማ ስም "ፒልሰን" ተባለ፤ በእንጨት መጋዘንና በልብስ ስፌት ሥራ ተሰማሩ። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ ሲጋራ መጠቅለል ዋነኛ ሙያቸው ነበር፤ ሙያውን ከሴድሌጽ የትምባሆ ፋብሪካ ይዘው የመጡት ሴቶቹ ናቸው።

ባዕድ አገር ላይ ሰው ቢሞት፣ ቢታመም ማን ይደርስለት ነበር?

የቼኮች ስደት ከሁሉ በላይ የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። በ1850ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጡረታ የለም፣ የጤና መድን የለም፣ አባወራው ከሞተ ለሚስቱ የሚደርስ መንግሥት የለም። በ1854 በሴንት ሉዊስ ከተማ ቼኮች ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ በአጭሩ "ቼ-ኤስ-ፔ-ኤስ" ነው፤ የቼክና የስላቭ መረዳጃ ማኅበር ማለት። ሥራውን ለአበሻ ለማስረዳት አንድ ቃል ይበቃል፦ እድር ነው።

አባል በየወሩ ይከፍላል፤ ሲታመም ይጠየቃል፣ ይረዳል፤ ሲሞት ማኅበሩ ይቀብረዋል፣ ለሚስቱና ለልጆቹም ገንዘብ ይሰጣል። ማኅበሩ "ሎጅ" የሚባሉ ቅርንጫፎች በየከተማው ከፈተ። እያንዳንዱ ሎጅ አዳራሽ ሠራ፤ አዳራሹ ውስጥ ቲያትር ይታያል፣ ይጨፈራል፣ ልጆች ቅዳሜ ቼክኛ ይማራሉ፣ በ1862 ፕራግ ላይ የተመሠረተው "ሶኮል" የተባለው የስፖርት ማኅበር ቅርንጫፍ ጂምናስቲክ ይሠራበታል። በ1860 ደግሞ በዊስኮንሲንና በሴንት ሉዊስ የመጀመሪያዎቹ የቼክኛ ጋዜጦች ታተሙ። ማንበብ የሚችል ሕዝብ ስለነበር ጋዜጣው አንባቢ አላጣም።

እድር ያስተዳደረ ሰው የሚያውቀው አንድ ችግር ግን እነርሱንም አገኛቸው። ሁሉም አባል እኩል ይክፈል ወይስ እንደ ዕድሜው? ነገሩን በምሳሌ እንየው። መቶ አባል ያለው ማኅበር ነው እንበል። አንድ ሰው ሲሞት እያንዳንዱ አንድ አንድ ዶላር ያዋጣል፤ ለሟች ቤተሰብ መቶ ዶላር ይደርሳል። ሁሉም ወጣት ሳሉ በዓመት አንድ ሰው ቢሞት ነው፤ መዋጮው ቀላል ነው። ሠላሳ ዓመት ሲያልፍ ግን መሥራቾቹ አርጅተዋል፤ በዓመት አምስት፣ ስድስት ሰው ይሞታል። መዋጮው አምስት፣ ስድስት ዶላር ይሆናል። ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት "እኔ ለሽማግሌዎች ብቻ ልከፍል?" ብሎ ይቀራል። ወጣት ካልገባ ደግሞ የአባላቱ ዕድሜ የበለጠ ይገፋል፣ መዋጮውም የበለጠ ይከብዳል።

በምዕራብ ያሉት ሎጆች፣ አብዛኞቹ አዲስ ሰፋሪ ወጣት ገበሬዎች ያሉባቸው፣ ክፍያው በዕድሜ ይመደብ፣ ሴቶችም በአባልነት ይግቡ ብለው ጠየቁ። አልተሰማላቸውም። በ1897 ተገንጥለው ኦማሃ ላይ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በዚያው ዓመት የቴክሳሶቹም ላ ግሬንጅ ላይ "ኤስ-ፒ-ጄ-ኤስ-ቲ" የሚባለውን መሠረቱ። ክሊቭላንድ ውስጥማ ሴቶቹ ወንዶቹን ሳይጠብቁ ገና በ1870 የራሳቸውን የሴቶች ማኅበር አቋቁመው ነበር። የቴክሳሱ ማኅበር ዛሬም አለ፤ የሕይወት መድን ይሸጣል፣ አዳራሾቹም ውስጥ ሠርግ ይደገሳል።

ከእድሩ ጎን እቁብ የሚመስል ነገርም ነበራቸው። ቺካጎ ውስጥ ቼኮች የቤት መሥሪያ ቁጠባ ማኅበራት በየሰፈሩ ከፈቱ። አባላት በየሳምንቱ ያስቀምጣሉ፤ ከተጠራቀመው ላይ አባል ቤት ሊሠራ ይበደራል፤ ብድሩን ሲመልስ ሌላው ይበደራል። ከእቁብ የሚለየው ዕጣ የሌለበትና ወለድ የሚታሰብበት መሆኑ ነው። ባንክ የማያበድረው የፋብሪካ ሠራተኛ በዚህ መንገድ የቤት ባለቤት ሆነ። ከፒልሰን ቀጥለው የሰፈሩበትን የተሻለ ሰፈር "የቼክ ካሊፎርኒያ" ብለው ጠሩት።

በመቃብር ምክንያት የተጣሉት ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ቼኮች ሁሉ ካቶሊክ ስለነበሩ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተሰባሰቡ ብሎ ያስባል። ቴክሳስ ውስጥ ይህ በአብዛኛው እውነት ነው። ሹለንበርግ አካባቢ ያሉት "ባለ ሥዕል ቤተ ክርስቲያኖች" ከውጭ ሲታዩ ተራ የገጠር ሕንፃ ናቸው። ገብተው ሲያዩ ግን የእንጨቱ ምሰሶ እብነ በረድ መስሎ ተቀብቷል፣ ጣሪያው ሰማያዊ ሆኖ በኮከብና በሐረግ ተሞልቷል። ድንጋይ መግዣ ያልነበረው ገበሬ የአገሩን ካቴድራል በቀለም መልሶ ሠራው።

በሰሜን ከተሞች ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ከስደተኞቹ ብዙዎቹ አሜሪካ ሲገቡ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ተዉ፤ በእነርሱ ዓይን ቤተ ክርስቲያኗ የሀብስበርግ ንጉሥ ክንድ ነበረችና። ራሳቸውን "ነጻ አሳቢዎች" ይሉ ነበር። በ1876 ቺካጎ ውስጥ አንዲት ቼክ ሴት ስትሞት፣ የፋሲካን ኑዛዜ ሳትፈጽም ነው የሞተችው ተብሎ በካቶሊክ መቃብር እንዳትቀበር ቄሱ ከለከለ። ለቅሶው ወደ ቁጣ ተለወጠ። የነጻ አሳቢዎቹ ማኅበራት ገንዘብ አዋጥተው በ1877 የራሳቸውን መቃብር ገዙ፤ "የቦሄሚያ ብሔራዊ መቃብር" አሉት። ማንም ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ የሚቀበርበት ነው።

እዚያ መቃብር ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆኑት በአንድ ቀን የሞቱ ናቸው። በጁላይ 24 ቀን 1915 የዌስተርን ኤሌክትሪክ ፋብሪካ ሠራተኞች ከቤተሰቦቻቸው ጋር ለሽርሽር የተሳፈሩበት ኢስትላንድ የሚባል መርከብ ገና ከወንዙ ዳር ሳይንቀሳቀስ ተገለበጠ፤ 844 ሰዎች ሞቱ። ፋብሪካው ያለው የቼኮች ሰፈር አጠገብ ስለነበር ከሟቾቹ ብዙዎቹ ቼኮች ነበሩ። አንቶን ሰርማክም እዚያው ተቀብሯል። ክላድኖ አካባቢ ተወልዶ በሕፃንነቱ የመጣ፣ በልጅነቱ ከሰል ማዕድን የሠራ፣ ከዚያ በፈረስ ጋሪ የማገዶ እንጨት የሸጠ ሰው ነው። በ1931 የቺካጎ ከንቲባ ሆነ። በ1933 ማያሚ ላይ ለተመራጩ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የተተኮሰ ጥይት መታውና ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ሞተ።

ከአገራቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነትስ?

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ቼኮቹ በሁለት አገር መካከል ተያዙ። አገር ቤት ያሉ ወንድሞቻቸው በኦስትሪያ ጦር ውስጥ ይዋጋሉ፤ እነርሱ ደግሞ ኦስትሪያ ፈርሳ የራሳቸው መንግሥት እንዲቆም ይፈልጋሉ። የዚህ ትግል መሪ ፕሮፌሰር ቶማሽ ማሳሪክ ነበር። ሚስቱ ሻርሎት ጋሪግ የብሩክሊን ልጅ ናት። የአሜሪካ ቼኮች ገንዘብ አዋጡለት፤ በ1915 ክሊቭላንድ ላይ፣ በሜይ 1918 ደግሞ ፒትስበርግ ላይ ከስሎቫኮች ጋር የጋራ አገር ለመመሥረት ስምምነት ፈረሙ። በኦክቶበር 1918 ቼኮስሎቫኪያ ተወለደች፤ ማሳሪክም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቷ ሆነ። አንድ አገር ከመመሥረቷ በፊት የፖለቲካ ውሏ ስደተኞች በሰፈሩባቸው ከተሞች ሲፈረም ማየት የተለመደ አይደለም።

ያንኑ ሜይ 1918 የአዮዋ ገዥ በአደባባይ፣ በትምህርት ቤት፣ በስልክ፣ በቤተ ክርስቲያን ስብከት ሳይቀር ከእንግሊዝኛ በስተቀር ሌላ ቋንቋ መናገር ከለከለ። ዓላማው ጀርመንኛን መምታት ነበር፤ ከአሜሪካ ጎን የቆሙት ቼኮችም አብረው ተመቱ። ትምህርት ቤቶች ላይ ተመሳሳይ ክልከላ የጣለው የነብራስካ ሕግ በ1923 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሻረ። በ1921ና በ1924 የወጡት የኮታ ሕጎች ደግሞ የአሜሪካን በር ጠበብ አደረጉት።

የኮሚኒስት ዘመን ስደተኞች በምን ይለያሉ?

በሦስት ነገር። የወጡት በድብቅ ነው፣ ቤታቸውን ሸጠው አይደለም፣ ደብዳቤያቸውም ይከፈት ነበር።

በፌብሩዋሪ 1948 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ ሰዎች በሹማቫ ደን በኩል በእግር ወደ ባቫሪያ ተሻገሩ፤ በጀርመን የስደተኛ ካምፕ ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት ተቀምጠው ወደ አውስትራሊያ፣ ካናዳና አሜሪካ ተበተኑ። በኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነችው ማደሊን ኦልብራይት ፕራግ የተወለደች ስትሆን ቤተሰቧ አሜሪካ የገባው በዚሁ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ማዕበል በኦገስት 21 ቀን 1968 በሶቪየት ኅብረት የሚመራው የዋርሶ ቃል ኪዳን ጦር ቼኮስሎቫኪያ ሲገባ ተነሳ። ድንበሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው በ1969 መከር ስለሆነ አንድ ዓመት ያህል ቀዳዳ ነበር። ካናዳ ብቻ ወደ 12 ሺህ ሰው ተቀበለች።

ሕጉ ያለ ፈቃድ መውጣትን "ሪፐብሊኩን ጥሎ መሄድ" የሚባል ወንጀል አድርጎት ነበር። ሰውዬው በሌለበት ይፈረድበታል፣ እስራቱ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል፣ ንብረቱ ይወረሳል፤ የቀሩት ወንድሙና ልጁ በሥራና በትምህርት ይጎዳሉ። ስለዚህ የ1850ዎቹ ሰንሰለት እዚህ አልሠራም። ያኔ ደብዳቤ ወንድምን ይጠራ ነበር፤ አሁን ደብዳቤ ወንድምን ያስጠረጥር ጀመር። ብዙዎች ለዓመታት ዝም አሉ፤ እናታቸው ስትሞት መቅበር ያልቻሉ ብዙ ናቸው። እነዚህ ስደተኞች በአመዛኙ የተማሩ የከተማ ሰዎች ስለነበሩ ከድሮዎቹ የገበሬ ልጆች ጋር ሲገናኙ ቼክኛቸው እንኳ አይመሳሰልም ነበር። የራሳቸውን ተቋም አቆሙ፤ ቶሮንቶ ላይ በ1971 የተከፈተው "68 ፐብሊሸርስ" አገር ቤት የታገዱ ጽሑፎችን በቼክኛ እያተመ በድብቅ ያስገባ ነበር።

ዛሬ ምን ቀረ?

የቴክሳስ ቼክኛ እየጠፋ ነው። ሰዎቹ በአብዛኛው ከሞራቪያ ስለመጡ የሚናገሩት የ19ኛው መቶ ዘመን የሞራቪያ ቀበልኛ ነው፤ ከፕራግ የሚመጣ እንግዳ የአያት ቅድመ አያቱን ንግግር የሰማ ይመስለዋል። አሁን የሚናገሩት አረጋውያን ናቸው። በገጠር መቃብሮች የቆዩት ድንጋዮች በቼክኛ "እዚህ ያርፋል" ይላሉ፤ በዚያው ረድፍ የልጅ ልጆቹ ድንጋይ በእንግሊዝኛ ነው፣ የአባት ስሙ ብቻ አልተለወጠም።

ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ የዜግነት ነው። ቼክ ሪፐብሊክ ከ2014 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ትፈቅዳለች። በ2019 የተሻሻለው ሕግ ደግሞ የቀድሞ የቼክ ወይም የቼኮስሎቫክ ዜጋ የሆነ ሰው ልጅም የልጅ ልጅም በማመልከቻ ዜግነት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። በ1968 ቶሮንቶ የገባ ሰው የልጅ ልጅ በዚህ ሕግ ፓስፖርት ሊያወጣ ይችላል። በ1880 ጋልቨስተን የወረደ ሰው ልጆች ዘር ግን፣ አምስት ትውልድ ኮላች ሲጋግሩ ቢኖሩም፣ በዚህ በር አይገቡም። ትውልዱ ከልጅ ልጅ አልፏል፤ ደግሞም ቅድመ አያታቸው ሲሄድ የያዘው ወረቀት የሚለው "ኦስትሪያ" ነው።